ለምትጠጣና ለምትቅም ነፍሰ ጡር፦ ከመጀመሪያው ክትትል እስከ አራስ ቤት የሚሠራ መመሪያ

ነፍሰ ጡር እናት ለክትትል ስትመጣ ክብደቷ ይመዘናል፣ ግፊቷ ይለካል፣ ደሟና ሽንቷ ይመረመራል። ስለ መጠጥና ስለ ጫት ግን ብዙዎቻችን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ዓይናችንን ከካርዱ ሳናነሣ፣ «አልኮል አትጠጪም አይደል?» እንላለን። «አልጠጣም» ትለናለች። ምን ትበል? መልሱን ከጥያቄው ጋር አብረን ሰጥተናታል።

ይህን የጻፍኩት በጤና ጣቢያ ለሚሠሩ አዋላጆች፣ ቤት ለቤት ለሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና እንዲህ ያለች እናት በቤቱ ላለችው ቤተሰብ ነው። አዋላጅ ነኝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አረቄ እያወጣች ልጆቿን የምታሳድግ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር መጣች፤ በየቀኑ እንደምትጠጣ ሳትደብቅ ነገረችኝ። ተቆጣኋት። «ከዛሬ ጀምሮ አንድ መለኪያ እንዳትቀምሺ» ብዬ ሰደድኳት። ቃሌን አክብራ ተወች፤ በሁለተኛው ሌሊት ራሷን ስታ እየተንፈራገጠች በቃሬዛ ተመለሰች። እሷም ልጇም ተርፈዋል። እውነቷን የነገረችኝን ሴት ግን አደጋ ላይ የጣልኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው ሌላውን ብትዘሉ እንኳ ስለ ድንገተኛ ማቋረጥ የተጻፈውን አትዝለሉት።

ከመጠየቃችሁ በፊት

መጀመሪያ ብቻዋን አድርጓት። ባል፣ አማት ወይም ጎረቤት አብሮ ከገባ ስለ መጠጥ አይጠየቅም። «እትዬ፣ ልመረምራት ስለሆነ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» ማለት ይበቃል፤ በዚህ የሚቀየም አማት አላየሁም። ቤት ለቤት ስትሄዱም ልጆቹ ከጓዳ እንደሚሰሙ አስቡ፤ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ አብራችሁ እየሄዳችሁ ማውራት ከሳሎን ይሻላል።

ሁለተኛ፣ አፋችሁን አዘጋጁ። «ሱሰኛ»፣ «ሰካራም»፣ «ጀዝባ» የሚሉት ቃላት በዚያ ክፍል ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ በቀልድም፣ ለባልደረባ በሹክሹክታም። አንዴ ከሰማች ቀጣዩን ቀጠሮ ትቀራለች፤ ክትትል ያቋረጠች እናት ደግሞ ከመጠጡ ጉዳት በላይ የግፊቱን፣ የደም ማነሱንና የኢንፌክሽኑን አደጋ ብቻዋን ትሸከማለች።

ሦስተኛ፣ የት እንደምትጽፉ አስቀድማችሁ ወስኑ። እናት ይዛው ወደ ቤት የምትሄደው የክትትል ደብተር በባልም በጎረቤትም እጅ ይገባል። ዝርዝሩን በተቋሙ መዝገብ ላይ ብቻ ጻፉና ይህንን ለእሷም ንገሯት።

ደረጃ 1፦ ሁሉንም፣ በየቀጠሮው ጠይቁ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ስለ አልኮልና ስለ ሌሎች ሱስ አስያዥ ነገሮች በተቻለ ፍጥነት፣ ከዚያም በእያንዳንዱ ክትትል እንድትጠየቅ ይላል። «ይህቺ ትጠጣለች» ብሎ በመልክና በልብስ መርጦ መጠየቅ ሁለት ጊዜ ያሳስታል፤ የተመረጠችው ትሰደባለች፣ ያልተመረጠችው ትታለፋለች።

አነጋገሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እህቴ፣ ይህንን የምጠይቀው እዚህ የሚመጡትን እናቶች ሁሉ ነው። ከማርገዝሽ በፊት ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ቢራ በሳምንት ስንት ቀን ትጠጪ ነበር? ካረገዝሽ ወዲህስ?»

እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። ካለፈው መጀመር ለመመለስ ይቀላል፤ ከማርገዝ በፊት መጠጣት ማንንም አያሳፍርም፣ ያለፈውን የተናገረች ደግሞ ያሁኑን ለመናገር ግማሹን መንገድ ሄዳለች። መጠጡን በስሙ መጥራትም ግድ ነው። በብዙ የገጠር ቤት ጠላ እንደ ምግብ እንጂ እንደ መጠጥ አይቆጠርም፤ «አልኮል ትጠጫለሽ?» የተባለች እናት በየቀኑ ሦስት ጣሳ ጠላ እየጠጣች በንጹሕ ልብ «አልጠጣም» ትላለች።

ጫትም እንዲሁ ነው። በሳምንት ስንት ቀን? ከሰዓት በኋላ በበርጫ ላይ ብቻ ነው ወይስ ጠዋትም ኢጀባና አለ? ከምርቃናው በኋላ እንቅልፍ እንዲመጣ ጨብሲ (ምርቃናውን መስበሪያ መጠጥ) ትገባለች? ሺሻ ወይም ሲጋራስ? በመጨረሻም፦ «ለሕመም ወይም ለእንቅልፍ የምትወስጂው ክኒን አለ?» ትራማዶልና ዳያዜፓም ከፋርማሲ ስለመጡ ብቻ ብዙዎች ከዚህ ጋር አይደምሯቸውም።

«የለም» ብትል አመስግናችሁ እለፉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ እንደገና ጠይቁ። ብዙ እናቶች እውነቱን የሚናገሩት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጊዜ ነው፤ እስከዚያ እኛን እየፈተኑን ነው።

ደረጃ 2፦ በእሷ መስፈሪያ ቁጠሩ

ለንጽጽር የሚያገለግለው መስፈሪያ 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል አለው። 30 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መለኪያ አረቄ ጥንካሬው 45 በመቶ ቢሆን ወደ 11 ግራም ነው። ግማሽ ሊትር ጠላ 4 በመቶ ቢሆን 16 ግራም ይደርሳል፤ ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርሌ ጠጅ 10 በመቶ ቢሆን 20 ግራም። የቤት ጥንስስ ከቤት ቤት ስለሚለያይ እነዚህ ግምቶች ናቸው። ቢሆንም «ጠላ ብቻ ነው» የምትለው እናት ሦስት ጣሳዋ፣ ጣሳው ግማሽ ሊትር ከያዘ፣ ከሦስት ቢራ እንደሚበልጥ ለማሳየት ይበቃሉ።

ለነፍሰ ጡሮች የተዘጋጀ አራት ጥያቄ ያለው አጭር መለያ አለ፤ ቲ-ኤስ ይባላል። ሞቅ እንዲላት ስንት መጠጥ ያስፈልጋታል? ስለ መጠጧ ሰው ተናግሯት ተናዳ ታውቃለች? መቀነስ አለብኝ ብላ አስባ ታውቃለች? ጠዋት ስትነሣ እጇን ለማርጋት ወይም ያደረውን ለማስታገስ ጠጥታ ታውቃለች? ለመጀመሪያው ጥያቄ ከሁለት መጠጥ በላይ ካለች 2 ነጥብ፣ ለሌሎቹ እያንዳንዱ «አዎ» 1 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ 2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዳዩ ምክርና ክትትል ይፈልጋል።

ከአራቱ ልባችሁን መስጠት ያለባችሁ ለመጨረሻው ነው። የጠዋት መጠጥ ማለት ሰውነቷ ያለ አልኮል ማደር አቅቶታል ማለት ሊሆን ይችላል። «አዎ» ካለች አጭሩን ምክር ተዉትና በቀጥታ ወደ ደረጃ 5 ሂዱ።

ደረጃ 3፦ አጭሩ ንግግር

አልፎ አልፎ ለምትጠጣ ወይም ለምትቅም እናት ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ የሚወስድ ንግግር ብዙ ይለውጣል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ፈቃድ መጠየቅ፣ አንድ እውነት መንገር፣ እሷ ምን እንደምታስብ መስማት፣ ራሷ የምትመርጠውን አንድ እርምጃ መያዝ፣ የሚቀጥለውን ቀን መቁረጥ።

«ስለ ጠላው የማውቀውን ብነግርሽ ትፈቅጃለሽ?» በሉ። ስትፈቅድ፦ «የምትጠጪው በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። የልጅ አእምሮ ዘጠኙንም ወር ነው የሚሠራው። በእርግዝና ጊዜ ይህን ያህል ቢጠጣ አይጎዳም የተባለ መጠን የለም። ዛሬ ብታቆሚ ግን ከዛሬ በኋላ ያለውን ታተርፊለታለሽ።» እዚህ ላይ ዝም በሉ። ዝምታው ሲረዝም የእኛ ምላስ ያሳክከዋል፤ ታገሡ።

በእርግዝና ጊዜ ብዙ አልኮል ያገኘው ልጅ አነስተኛ ጭንቅላት፣ ቀጭን የላይኛው ከንፈር፣ በአፍንጫና በከንፈር መካከል ልሙጥ ቆዳ፣ ከሁሉ በላይ የመማርና የጠባይ ችግር ሊኖረው ይችላል። ይህን እኛ ማወቅ አለብን። ለፈራች እናት እንደ ማስፈራሪያ መወርወር ግን የሚያስከትለው ድብቅነትን ነው። ስድስተኛ ወሯ ላይ «ልጅሽን ጎድተሽዋል» የተባለች ሴት ለማቆም ምን ምክንያት ይቀርላታል?

እርምጃውን ከኑሮዋ ጋር አስማሙት። መጠጥ ሻጭ ከሆነች «መሸጡን ተይ» ማለት «ልጆችሽን አታብዪ» ማለት ነው። ይልቅ ጠላውን ወይም አረቄውን የሚቀምስላት ሰው ማን እንደሚሆን አብራችሁ ፈልጉ፤ እህት፣ ልምድ ያላት ጎረቤት፣ የታመነ ደንበኛ። አረቄ የምታወጣ ከሆነ ምድጃው ጭሱ የሚወጣበት ቦታ እንዲሆን ምከሯት፤ ጭሱም ለብቻው ይጎዳታል። ቡና ቤት የምትሠራ ሴት ደግሞ ደንበኛ የሚጋብዛትን ባለመጠጣቷ ገቢዋ ይቀንሳል። ከቀጂው ጋር ተነጋግራ ብርጭቆዋ ውስጥ ለስላሳ እንዲገባ ማድረግ የሚቻልበት ቦታ አለ፤ ስለዚህ በግልጽ አውሯት። ሥራዋን እንደማትንቁባት ካወቀች መፍትሔውን ራሷ ታመጣዋለች።

ባሏ የሚጠጣ ከሆነ እሱን ሳትይዙ እሷን አትይዙም። በእሷ ፈቃድ ጥሩትና በክብር አናግሩት፦ «ጋሼ፣ እስክትወልድና አራስ ቤቷን እስክትጨርስ መጠጡም ጫቱም ወደ ቤት እንዳይገባ እርስዎ ነዎት የሚያግዙን።» ከመጥራታችሁ በፊት ግን እጁን የሚያነሣባት እንደሆነ ብቻዋን ጠይቋት። «አዎ» ካለች ባል አይጠራም፤ የደኅንነቷ ጉዳይ ይቀድማል።

ደረጃ 4፦ ጫት

ጫትን ማቋረጥ ሕይወትን አደጋ ላይ አይጥልም፤ ይህ ከአልኮል ትልቁ ልዩነቱ ነው። ሃራራው ግን እውነተኛ ነው። መጀመሪያዎቹን ቀናት ድካም፣ ድብርት፣ ብስጭት፣ ሌሊት ደግሞ ዱካክ ይመጣል። ስለ ዱካኩ አስቀድማችሁ ካልነገራችኋት «ጫቱን ብተው መንፈስ ጫነኝ» ብላ ትመለስበታለች። «ይመጣል፣ ሰውነትሽ ሲላመድ ይሄዳል» በሉ።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ሥርን ያጠብባል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። የሚቅሙ እናቶች ልጆች ሲወለዱ ክብደታቸው ዝቅ ብሎ መታየቱም ተደጋግሞ ተመዝግቧል። ለክትትል ሥራ ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። የደም ግፊት ከፍ ብሎ ከተገኘ ዛሬ ቅማ እንደሆነ ጠይቁና አሳርፋችሁ እንደገና ለኩ፤ ሁለተኛውም ከፍ ካለ ግን «ጫቱ ነው» ብላችሁ አትልቀቋት፣ ሽንቷን ለፕሮቲን መርምሩ። ክብደቷንና የክንዷን ዙሪያ በየቀጠሮው ተከታተሉ፤ ዙሪያው ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ወደ ሥርዓተ ምግብ ድጋፍ አስገቧት።

በአንዴ መተው ካልቻለች መቀነሻውን ከኢጀባናው ጀምሩ። ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ምንም ቅጠል ወደ አፍ አይገባም፤ ይህን ከያዘች በኋላ ቀኖቹን በአንድ አንድ እየቀነሱ መሄድ ነው። ዙርባው የሚያልቅበት ሰዓት ሳይሆን የሚጀመርበት ሰዓት እንዲዘገይ ማድረግ ይቀላል። የበርጫ ጓደኞቿ ባሉበት «ዛሬ አልቅምም» ማለት ከባድ ስለሆነ በዚያ ሰዓት የት እንደምትሆን ቁረጡ፤ እናቷ ቤት፣ ገበያ፣ ለክትትል እኛ ዘንድ። ጨብሲውን ግን በመጀመሪያው ቀን ማስቆም ይሻላል፤ ጫቱ ሳይቆም መጠጥ እየተጨመረበት እንዳይሄድ። የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒኗን ከጫት፣ ከቡናና ከሻይ አራርቃ ትዋጥ፤ በእነዚህ ውስጥ ያለው ታኒን ብረቱን ይዞ ያስቀረዋል። ጫት ላይ ፀረ ተባይ ኬሚካል የሚረጭበት አካባቢ ስላለ፣ ገና ላላቆመች እናት ቅጠሉን በደንብ አጥባ እንድትቅም መንገር ፈቃድ መስጠት አይደለም።

ደረጃ 5፦ ሰውነቷ በአልኮል ለታሰረ እናት «ዛሬውኑ ተይው» አይባልም

በየቀኑ ብዙ የምትጠጣ፣ ጠዋት እጇ የሚንቀጠቀጥ፣ ሳትጠጣ ስትውል የሚያልባትና የሚያቅለሸልሻት እናት በድንገት ስታቆም አንጎሏ ይታወካል። የማቋረጥ ሕመሙ ከመጨረሻው መጠጥ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ በመንቀጥቀጥ፣ በላብ፣ በትውከትና በጭንቀት ይጀምራል። መንፈራገጥ ካለ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ቀንና ሌሊት መቀላቀል፣ ትኩሳት ሊከተል ይችላል፤ ይህኛው ይገድላል።

ስለዚህ የሚባለው ይህ ነው፦ «እንድታቆሚ እፈልጋለሁ፤ ብቻሽን እንድታቆሚ ግን አልፈልግም። ሆስፒታል ተኝተሽ፣ መድኃኒት ተሰጥቶሽ ነው የምታቆሚው። እስክንልክሽ ድረስ በድንገት አትተዪው፣ አትጨምሪም።» ለሐኪም ጆሮ እንኳ የሚከብድ ንግግር መሆኑን አውቃለሁ። ግን በጽንስ ላይም ቢሆን ድንገተኛ መንፈራገጥ ከጥቂት ቀናት መጠጥ የበለጠ አደጋ ነው።

ሪፈራሉን በዚያው ቀን ጻፉና አብሯት የሚሄድ ሰው ወስኑ። የአእምሮ ሕክምና ክፍልና የማዋለጃ ክፍል በአንድ ግቢ ያሉበት ሆስፒታል ይመረጣል። አዲስ አበባ ውስጥ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣሉ፤ በክልሎች የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። እዚያ ዳያዜፓም ወይም መሰሉ ለጥቂት ቀናት በሐኪም በተወሰነ መጠን ይሰጣታል። ቫይታሚን ቢ1፣ ማለትም ታያሚን፣ ከግሉኮስ በፊት መሰጠት አለበት፤ ግሉኮስ ቀድሞ ከገባ የተሟጠጠውን ቢ1 ጨርሶ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ይህ በጤና ጣቢያም ይሠራል። ደክማ የመጣችን ጠጪ እናት ወዲያው ግሉኮስ መስቀል ልማዳችን ነውና እጃችንን እንያዝ።

ሦስት ወጥመዶችን ልብ በሉ።

አንደኛው፣ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የተንፈራገጠች እናት መጠጥ ትጠጣም አትጠጣ መጀመሪያ እንደ ኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ግፊት እንደሚመጣ መንፈራገጥ) ትታያለች። «መጠጥ አቁማ ነው» ብሎ መጠበቅ ይገድላታል። አየር መንገዷን ጠብቁ፣ በግራ ጎኗ አስተኟት፣ ግፊቷን ለኩ፣ መንፈራገጡን የሚያስቆመውን የማግኒዥየም ሰልፌት የመነሻ መጠን፣ 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ብሎና 5 ግራም በእያንዳንዱ መቀመጫ፣ ስጡና ላኩ።

ሁለተኛው የእናቶች ማቆያ ነው። ቤቷ ሩቅ የሆነ እናት መውለጃዋ ሲቃረብ ማቆያ ትገባለች፤ እዚያ መጠጥ የለም። በሁለተኛው ቀን መንቀጥቀጥ ስትጀምር «ወባ ነው» ይባላል። ማቆያ ለምትገባ ለእያንዳንዷ እናት «መጨረሻ የጠጣሽው መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይጨመር።

ሦስተኛው ጸበል ነው። ብዙ ቤተሰብ ለመጠጥ መጀመሪያ የሚያስበው ጸበልን ነው፤ በእምነቷ ልትጽናና ይገባታል፤ ማቃለል የእኛ ሥራ አይደለም። ሆኖም በድንገት አቁማ፣ በባዶ ሆድ፣ በብርድ ሌሊት ያደረች ነፍሰ ጡር ላይ ከላይ የተናገርኩት ሁሉ ሊደርስ ይችላል። ቤተሰቡን «መጀመሪያ አንድ ሳምንት ሐኪም ዘንድ፣ ከዚያ ጸበሉ» ብላችሁ ለምኑ። የንስሐ አባቷ ይህንኑ ቢነግሯት ከእኛ ይልቅ ትሰማቸዋለች፤ ፈቃዷን ይዛችሁ አነጋግሯቸው።

ደረጃ 6፦ ክኒንና ኦፒዮይድ

ትራማዶልን ለወራት የወሰደች፣ ወይም ዳያዜፓም ካልዋጠች የማትተኛ እናትም በአንዴ አታቁም። ዳያዜፓሙ በሐኪም እየተቀነሰ ይሄዳል። ለኦፒዮይድ፣ ማለትም እንደ ትራማዶል፣ ሞርፊንና ሄሮይን ላሉት፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በእርግዝና ጊዜ ከመቁረጥ ይልቅ በሐኪም በሚሰጡት ተተኪ መድኃኒቶች፣ በሜታዶን ወይም በቡፕረኖርፊን፣ መያዝን ነው።

በአሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ይህንን በተለይ ስሙት። ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን እየወሰደች ያረገዘች እህታችን «ለልጁ ብዬ» በራሷ እንዳታቆም፤ መጠኑ በመጨረሻዎቹ ወራት እንዲያውም መጨመር ሊያስፈልገው ይችላል። ሆስፒታል ስትሄድ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላት፤ ባል ወይም ልጅ አያስተርጉም። ሽንቷ ወይም ደሟ ለምን እንደሚመረመርና ውጤቱ ለማን እንደሚሄድ ከመፈረሟ በፊት ትጠይቅ፤ የሕጉ ነገር ከስቴት ስቴት ይለያያል። ጫት በአሜሪካና ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ በእንግሊዝ የተከለከለ መሆኑ ብዙዎችን ስለሚያስደብቅ፣ ማኅበረሰባችን ውስጥ ያለች ነርስ ወይም ዱላ (በምጥና በወሊድ እናትን የምታግዝ ሴት) ቀድማ ብታናግራት ብዙ ይቀላል።

ደረጃ 7፦ ምጥና የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ስትገባ ሁለት ነገር ይጻፍ፤ መጨረሻ የጠጣችበት ወይም የቃመችበት ሰዓት እና የምትወስደው መድኃኒት። የሕመም ማስታገሻ ለሌላዋ እናት የሚሰጥ ከሆነ ለእሷም ይሰጣል፤ ምጥ መቀጣጫ አይደለም።

ሕፃኑ እንደ ማንኛውም ሕፃን በደረቷ ላይ ይቀመጥ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ይጥባ። ከ2500 ግራም በታች ከሆነ ወይም ከተንቀጠቀጠ የደም ስኳሩን ለኩ። ኦፒዮይድ የምትወስድ እናት ልጅ የማቋረጥ ምልክት በአብዛኛው በ24 እና በ72 ሰዓት መካከል ያሳያል፤ የሚቆራረጥ ጩኸት፣ መንቀጥቀጥ፣ የማያቆም መጥባትና ማስነጠስ። ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን ከሆነ ከ4 እስከ 7 ቀን ይጠበቃል። ሲወለድ መተንፈስ ቢያቅተው በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቅ መተንፈሻ) ይረዳል፤ የኦፒዮይድ ማርከሻው ናሎክሶን ግን መንፈራገጥ ሊያመጣበት ስለሚችል አይሰጥም።

እናትና ልጅን አትለያዩ። በአሜሪካ «መብላት፣ መተኛት፣ መጽናናት» በሚል አሠራር፣ ሕፃኑ መጥባት፣ መተኛትና ሲታቀፍ ዝም ማለት መቻሉን ብቻ እየተመለከቱ የተንከባከቧቸው ሕፃናት በ2023 እ.ኤ.አ. በታተመ ትልቅ ጥናት በአማካይ በ8.2 ቀን ለመውጣት ደርሰዋል፤ በቀድሞው አሠራር 14.9 ቀን ነበር። ዋናው መድኃኒት እቅፍ ነው። ይህን የእኛ እናቶች ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል።

ደረጃ 8፦ አራስ ቤት

በእርግዝና ጊዜ ሁላችንም እንከታተላታለን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካልን በኋላ ግን ዓይናችን ወደ ሕፃኑ ይዞራል፤ መጠጡም ጫቱም የሚመለሰው ያኔ ነው። ያጣችው እንቅልፍ፣ ብቸኝነቱ፣ ድብርቱ፣ በዚያ ላይ ጠያቂው ሁሉ ጠርሙስ ይዞ የሚመጣበት ቤት።

«ጠላ ወተት ያመጣል» የሚለውን ከአማት ጋር በክብር ተነጋገሩበት። «እማማ፣ ለእርሷ ወተት ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አልኮል ወተቱ ከጡት እንዳይወርድ ነው የሚያደርገው። የአጃ አጥሚቱን፣ ገንፎውን፣ ውኃውን ያብዙላት።» በባዶው «አትስጧት» ከማለት አጥሚቱን በምትኩ ማስቀመጥ ቤቱን ያስማማል።

ጡት ማጥባቱ ይቀጥል። አልኮል በወተት ውስጥ ያለው መጠን በደም ውስጥ ካለው ጋር እኩል ይወጣል፣ እኩል ይወርዳል፤ አልቦ መድፋት አያፋጥነውም። ከጠጣች ለአንድ መስፈሪያ መጠጥ ወደ ሁለት ሰዓት ያህል ትጠብቅ፤ ስለዚህ ከመጠጣቷ በፊት ጡት ታጥባ። የጫት ንጥረ ነገርም ወደ ወተት ያልፋል፤ ልጁ የሚነጫነጭና የማይተኛ ከሆነ የቃመችበትን ሰዓት ጠይቁ። ጡት አስጥሎ በጡጦ መተካት ግን ንጹሕ ውኃ በሌለበት ቤት ሌላ ሞት ነው።

አንድ ነገር አጥብቃችሁ ንገሩ፤ የጠጣ ሰው፣ እናትም ትሁን አባት፣ ከሕፃን ጋር በአንድ አልጋ አይተኛም። በዚያ ሌሊት አያቷ ወይም እህቷ ልጁን ይዛ ትደር። ማን እንደምትሆን አሁን፣ ጤነኛ በሆነች ሰዓት፣ ይወሰን።

ቀጥሎ ክርስትናውን አስቡ። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ቤቱ በጠላና በአረቄ ይሞላል፤ በሙስሊም ቤትም የአርባው ቀን እንግዳና አንዳንድ ቦታ በርጫ አለ። ከሳምንት በፊት ሂዱና ጠይቋት፦ «ያን ቀን ከማን አጠገብ ትቀመጫለሽ? ብርጭቆ ሲያነሡልሽ ምን ትያለሽ?» «ሐኪም መድኃኒት ሰጥቶኛል» የሚለው መልስ ማንንም አያስቀይምም፤ ካልጠጣች ለምን እንደማትጠጣ የሚያስረዳላት አንድ ዘመድ ቢኖር ደግሞ የተሻለ ነው።

የጉብኝቱ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንትና በስድስተኛው ሳምንት ነው። ለእሷ በመካከሉ ስልክ ጨምሩ። በየጊዜው ስሜቷን ጠይቁ፤ «ሕይወትሽን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል?» ማለት ሐሳቡን አያስገባባትም። «አዎ» ካለች ብቻዋን አትተዋት፣ በዚያው ቀን ላኳት። የወሊድ መቆጣጠሪያም አሁን ይነሣ፤ የምትመርጠው ግን እሷ ናት።

ስድስተኛው ሳምንት መዝጊያ አይሁን። በማሳቹሴትስ ግዛት በተደረገ ጥናት ኦፒዮይድ የሚጠቀሙ እናቶች ከመጠን በላይ በመውሰድ በብዛት የተጎዱት ልጁ ከ7 እስከ 12 ወር ባለበት ጊዜ ሆኖ ተገኝቷል። የእኛ ሀገር ዋና ጉዳይ አልኮልና ጫት ቢሆንም ሁሉም ሰው ጠይቆ የጨረሰበት ያው ወቅት ነው። ልጁ ለኩፍኝ ክትባት በ9 ወሩ ይመጣል፤ መርፌውን እየወጋችሁ እናቱን እንደ መጀመሪያው ቀን ጠይቋት።

ተመልሳበት ከሆነ

«ሲስተር፣ ጀመርኩ» ብላ ከመጣች፣ መምጣቷ ራሱ ሥራችሁ መሥራቱን ያሳያል። «እንኳን መጣሽ» በሉና ወንበር ስጧት። መቼ ጀመረች? ከዚያ በፊት ስንት ቀን ወይም ስንት ወር ቆይታ ነበር? ያን ጊዜ የረዳት ምን ነበር? ያሰናከላትስ ማን ወይም የትኛው ቀን ነው? እነዚህን በመዝገቡ ላይ ጻፉ። በየቀኑ እየጠጣች ከሆነና ጠዋት እጇ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ፤ ካልሆነ ከደረጃ 3 ጀምሩና ቀጠሮዋን በሦስት ቀን አድርጉት። ልጁን እዚያው መዝኑት፤ ኪሎ ጨምሮ ከሆነ ቁጥሩን አሳዩአት።